የውጭ ዲቪዲ ራይተር ያነብባል፣ ዲስክ በርን ሲያደርግ (ሲጽፍ) ግን ይጠፋል

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዲቪዲ ራይተሬ (ዲስክ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ) ቀጭኑ ዓይነት ነው፤ ከኋላው ሚኒ ዩኤስቢ ሶኬት አለው፣ አብሮት የመጣው ገመድ ደግሞ በላፕቶፑ በኩል ሁለት ራስ አለው። አንዱን ራስ ብቻ ስሰካ ሲዲም ዲቪዲም ያለችግር ያነብባል። 4.3 ጊጋ ባይት የሠርግ ቪዲዮ በ8 ኤክስ ፍጥነት በርን ሳደርግ ግን አንዴ ገና ሲጀምር፣ አንዴ 60 ፐርሰንት ላይ ቀጭ ይልና ከዊንዶውስ ይጠፋል። ዲስኩም ከዚያ በኋላ አይሠራም። ላፕቶፑ ሁለት ዩኤስቢ 2 ፖርት ብቻ ነው ያለው፤ አንዱን ማውስ ይዞታል። ዩኤስቢ 3 የሆነ ራይተር ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ቀይ_ሌዘር፦
ገንዘብህን አታባክን፣ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። ዲቪዲ በ1 ኤክስ በሴኮንድ 1.385 ሜጋ ባይት ነው፤ በ8 ኤክስ 11 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ዩኤስቢ 2 ደግሞ ከ30 በላይ ያሳልፋል።

ያነሰህ ፓወር ነው። የዩኤስቢ 2 ፖርት በደንቡ የሚሰጠው 5 ቮልት 500 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው (ዩኤስቢ 3 ወደ 900 ከፍ ይላል)። ቀጭን ራይተር ሞተሩ ሲነሳና ሌዘሩ ሲጽፍ ለአፍታም ቢሆን ከ1 አምፔር ያልፋል። ለማንበብ ደካማ ጨረር ይበቃል፤ ለመጻፍ ግን ሌዘሩ በዲስኩ ውስጥ ያለውን ቀለም ማቃጠል አለበት። ስለዚህ ነው ማንበቡ ያላስቸገረህ። ቮልቱ ሲወርድ ውስጥ ያለው ቦርድ ጠፍቶ ይነሳል፣ ዊንዶውስም የነቀልከው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ራስ የተሠራው ለዚሁ ነው፦ ብዙውን ጊዜ የዳታ ሽቦ የለውም፣ ፓወር የሚያመጡት ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ። ማውሱን ንቀልና ሁለቱንም ሰካ። ብቻውን ስትሰካው ላፕቶፑ ራይተሩን የማያውቅበት ራስ የፓወሩ ነው፤ እሱን አስቀድመህ የዳታውን አስከትል።

ገመድ_ቆራጭ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ገመዱንም እዩት። በላዩ ላይ የጌጅ ቁጥር ታትሟል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሽቦው ይቀጥናል። 28 ጌጅ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ ነው። አንድ ሜትር ገመድ ሲሄድና ሲመለስ 0.43 ኦም ይሆናል፤ 1 አምፔር ሲያልፍበት 0.43 ቮልት በላ ማለት ነው። 5 ቮልቱ ራይተሩ ጋ ሲደርስ 4.57 ሆነ። በ24 ጌጅ ግን ኪሳራው 0.17 ብቻ ነው። ኤክስቴንሽን ከቀጠላችሁበትማ ባይጻፍ አይገርምም። ዴስክቶፕ ላይ ከሆነም ከኋላ ሰኩ፤ የፊቱ ፖርት ራሱ በቀጭን ሽቦ የመጣ ነው።

የራሱ አዳፕተር የሌለው ሀብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚያበዛ) ምንም አይጠቅምም፣ ያንኑ 500 ሚሊ አምፔር ነው የሚያካፍለው። ባለ 5 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ያለው ሀብ ጥሩ ነው። የፓወሩን ራስ የስልክ ቻርጀር ላይ መሰካት የተለመደ ቢሆንም አልመክርም፤ የሁለቱም ራስ ቀይ ሽቦ ውስጥ ስለሚገናኝ የቻርጀሩ ኤሌክትሪክ ወደ ላፕቶፑ ሊመለስ ይችላል።

ቀጭን_ሳታ፦
ሁለቱን ብልሽት አታምታቱ። ራይተሩ ከዊንዶውስ ከጠፋ ፓወር ወይም ግንኙነት ነው። ሳይጠፋ "የፓወር ካሊብሬሽን ስህተት" (የሌዘሩን ጉልበት ለዲስኩ ማስተካከል አቃተው ማለት ነው) ካለ ግን መጀመሪያ ዲስኩን ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ የቆሸሸ ሌንስን፣ መጨረሻ ላይ ያረጀ ሌዘርን። ዲቪዲ እያነበበ ሲዲ እምቢ ካለ ደግሞ ገመዱ ምንም አላጠፋም፤ ለዲቪዲ ባለ 650፣ ለሲዲ ባለ 780 ናኖሜትር ሌዘር ስለሆነ አንዱ ሞቷል።

ሁለቱን ራስ ሰክቶም ከጠፋ፣ ሚኒ ሶኬቱን በቀስታ ነካ ነካ አድርጉት። ከቦርዱ ጋር የተበየደበት እግር መሰንጠቁ የተለመደ ነው። ቀፎው ውስጥ ያለው ሳታን (ድራይቭ ከኮምፒውተር ውስጥ የሚገናኝበትን መስመር) ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ትንሽ ቦርድ ብቻ ስለሆነ፣ የሞተ ላፕቶፕ ራይተር አውጥቶ እዚያ መክተት ይቻላል፤ ውፍረቱ (12.7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር) እና ሶኬቱ ከገጠመ። የቀጭኑ ሳታ 7 እና 6 ፒን ነው፣ በ5 ቮልት ብቻ ይሠራል። የዴስክቶፑ 7 እና 15 ፒን ሲሆን 12 ቮልትም ይፈልጋል፤ በዩኤስቢ ፓወር ብቻ አይነሳም።

ጠያቂ፦
ማውሱን ነቅዬ ሁለቱንም ሰካሁ፤ በ4 ኤክስ እስከ መጨረሻው ጻፈ። ላፕቶፑ ላይ ይከፍታል፣ የቴሌቪዥኑ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን አያነበውም።

ቀይ_ሌዘር፦
ዲስኩን ሳትዘጋው ቀርተህ ይሆናል። በርን ከማድረግህ በፊት "ፋይናላይዝ" (ዲስኩን ዝጋ) የሚለውን ምረጥ። ደግሞም ፋይሉን እንደ ዳታ ከጫንከው ብዙ ማጫወቻ አይቀበለውም፤ "ዲቪዲ ቪዲዮ" በሚለው አሠርተህ ጻፈው። የተጻፈውን መልሶ የሚፈትሸውን "ቬሪፋይ"ንም አብራው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የተበላሸውን ደንበኛው ሳይሆን አንተ ቀድመህ ታገኘዋለህ።