ማንዴላ «ሸጦናል» የሚሉት ደቡብ አፍሪካውያን እውነት አላቸው እንዴ?

ጥያቄ፦
ሰላም ጓዶች፣ ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ወጣት ደቡብ አፍሪካውያን ማንዴላን ሲሞልጩት እያየሁ ነው፣ ለነጮቹ ሸጠን ምናምን ይላሉ። እኛ ስናድግ እንደ ቅዱስ ነው የተነገረን። 27 ዓመት ታስሮ የወጣ ሰውዬ እንዴት ከሃዲ ይባላል? የገባችሁ እስቲ አስረዱኝ

መልስ 1፦
ዋናው ቅሬታ መሬት ነው ባክህ። በ1913 እና በ1936 በወጡት ህጎች ለጥቁሩ የተተወለት ከሀገሩ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በ1994 (ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የማንዴላ ፓርቲ ኤኤንሲ ስልጣን ሲይዝ በ5 ዓመት ውስጥ 30 በመቶ የእርሻ መሬት አከፋፍላለሁ አለ፣ ግን የመረጠው መንገድ ከባለመሬቱ በገበያ ዋጋ መግዛት ሆነ፣ ሰውየው አልሸጥም ካለ በቃ አለቀ። 30 በመቶው ጋ አጠገቡም አልደረሱ።

መልስ 2፦
መሬቱ ላይ ልክ ነህ፣ ግን ማንዴላ ያኔ በእጁ ምን ነበረው? ጦሩ፣ ፖሊሱ፣ ባንኩ፣ ማዕድኑ ሁሉ ነጮቹ ጋ ነው፣ ኤኤንሲ ደሞ ተዋግቶ አሸንፎ ሳይሆን ተደራድሮ ነው የገባው። ሚያዝያ 1993 በጥቁሩ በጣም የሚወደደው የትግል መሪ ክሪስ ሃኒ ቤቱ በር ላይ ሲገደል ሀገሩ ሊነድ ምንም አልቀረውም ነበር፣ ፕሬዚዳንቱ ነጩ ደ ክለርክ ሆኖ እያለ ህዝቡን በቲቪ ያረጋጋው ግን ማንዴላ ነው፣ ገዳዩ ነጭ ነው፣ ገዳዩን ያስያዘችውም ነጭ ሴት ናት ብሎ። ይሄን ያላየ ልጅ ዛሬ ሸጠን ቢል አልፈርድበትም።

ደሞ ይቅር ባይ ሽማግሌ ብቻ አታርጉት፣ የኤኤንሲን የታጠቀ ክንፍ ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌን በ1961 ያቋቋመ፣ በ1962 ኮልፌ መጥቶ ተኩስና ፈንጂ የሰለጠነ ሰው ነው። እኔ የምቀየመው ኤድስ ላይ ነው፣ ስልጣን ላይ እያለ መናገር ሲገባው ዝም አለ። በኋላ ነው የተጋፈጠው፣ በ2005 ልጁ ሲሞት ምክንያቱ ኤድስ ነው ብሎ ለጋዜጠኛ በግልጽ ተናገረ።

ጠያቂ፦
ኮልፌውን አላውቅም ነበር! 😳 ስንት ጊዜ ቆየ?

መልስ 2፦
6 ወር ነበር የታሰበው፣ ግን ድርጅቱ ቶሎ ና ስላለው ሳይጨርስ ሄደ። ያኔ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ነው የሸኙት። እንደተመለሰ ነሐሴ 5 ቀን 1962 ተያዘ።

መልስ 3፦
እሱ እኮ የገዛው አንድ ዘመን ብቻ ነው፣ በ1999 በገዛ ፈቃዱ ወረደ። ከዛ ወዲህ ያለውን የእነ ዙማን (በኋላ ፕሬዚዳንት የነበረው) ዝርፊያም ለሱ እንጻፍለት?