ትንንሽ መኪና መሰብሰብ ማቆም አቃተኝ፤ ያቆመ ሰው አለ?

ቆርኪ_ጎማ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 46፣ ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና እነዳለሁ፤ ማታ ደግሞ ቁጭ ብዬ መኪና አያለሁ። ሆት ዊልስና ማችቦክስ፣ እነዚያን በመዳፍ የሚያዙትን ማለቴ ነው። ባለፈው እሑድ ቆጠርኳቸው። 612 ናቸው። ባለቤቴ 200 መስሏታል። የቀሩት በፌስታል ተጠቅልለው መኪናዬ ውስጥ ከስኮርታው ጎን ተቀምጠዋል።

ልጅ እያለን ጉለሌ ውስጥ መኪና የምንሠራው ከሽቦ ነበር። ጎማው ቆርኪ ነው። ሲሳካልን ደግሞ ካለቀ ነጠላ ጫማ ክብ እንቆርጣለን። አንድ የጎረቤት ልጅ ግን አጎቱ ከውጭ ያመጣለት ማችቦክስ ነበረው። ቀይ ናት፣ በሯ ይከፈታል። እሱ እስከ አሥር እስኪቆጥር ይዘናት እንመልሳለን። በሯን መክፈት ክልክል ነው።

እዚህ አገር በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ወተት ልገዛ ገብቼ ያቺን የመሰለች ተንጠልጥላ አየሁ። አንድ ዶላር። ወተቱን ረስቼ እሷን ይዤ ወጣሁ።

አሁን ሱቁ አዲስ ካርቶን የሚፈታበትን ቀን በቃሌ አውቃለሁ። አንዱ ካርቶን 72 መኪና ይይዛል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆሜ እገኛለሁ። ሰላምታ የለም። ሦስታችንም የምንፈልገው ሱፐር ትሬዠር ሀንት የሚባለውን ነው፤ ቀለሙ የሚያብረቀርቀውን፣ ጎማው የእውነት ላስቲክ የሆነውን። በሦስት ዓመት ሁለት ብቻ አግኝቻለሁ። የመጀመሪያውን ያገኘሁ ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሥራም አረፈድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ደስታው የለም። ስልኬን አውጥቼ ቀጣዩን እየፈለግኩ ነበር።

የጻፍኩላችሁ ግን በዚህ አይደለም። የሰባት ዓመቱ ልጄ አንዲት ቮልስ ከነማሸጊያዋ አንስቶ «አባቢ፣ ልክፈታት?» አለኝ። «አይሆንም፣ ዋጋዋ ይወርዳል» አልኩት። ቀጥዬ «ትንሽ ያዛትና መልሳት» አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያቆማችሁ ካላችሁ እንዴት አቆማችሁ? ያልከፈታችኋቸውንስ ምን አደረጋችኋቸው?

የምናለሽ_ተራ_ደንበኛ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ በአንድ ዶላር የተገዛ መኪና ዋጋው ወዴት ይወርዳል? አንተ ያሸግከውን ሌላውም አሽጎ አስቀምጦታል። ውድ የሚሆነው ማንም ያላስቀመጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለሙከራ የተሠራችው የሆት ዊልስ ቮልስ አውቶቡስ ጠባብ ስለነበረች መጫወቻ መንገዱ ላይ መኪኖቹን በሚያፈጥነው ማስወንጨፊያ በደንብ አልሄድ ብላ ቀረች። የቀሩት ጥቂቶቹ ዛሬ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይገመታሉ።

እኔ ምናለሽ ተራ ቀለማቸው የተላጠውን ነው የምለቅመው። ሆዱ ላይ «ሌስኒ» የሚል ካገኘሁ ቀኔ አማረ። ሌስኒ ማችቦክስን ይሠራ የነበረው ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለከሰረ፣ ባብዛኛው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። የሆት ዊልስ ሆድ ላይ ያለውን ዓመት ግን እንዳታምን። ሞዴሉ የወጣበት እንጂ ያቺ መኪና የተመረተችበት አይደለም። አንድ ሻጭ በዚህ በልቶኛል።

የባቡሩ_ሚስት (ፍራንክፈርት)

እኔ የማወራህ ከሌላው ወገን ሆኜ ነው። የኔው ባል ሜርክሊን የሚባለውን የመጫወቻ ባቡር ይሰበስባል። አንዱ ሎኮሞቲቭ ብቻ 300 ዩሮ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ያንተ አንድ ዶላር ያስቀናል! ያናደደኝ ግን ባቡሩ አልነበረም፤ ደረሰኙን ጫማ ካርቶን ውስጥ ደብቆ ማግኘቴ ነው። ሦስት ቀን አላናገርኩትም። አሁን በወር 60 ዩሮ ተስማምተናል፤ አዲስ ሲገባ አሮጌ ይሸጣል። እውነቱን ልንገርህ፣ ማታ ባቡሩ ሲዞር እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ስኮርታው ጋ ያሉትን ዛሬውኑ ወደ ቤት አስገባ። እሷ ታውቃለች ደግሞ። እኛ እናውቃለን።

ጡረተኛው_መካኒክ (ደብረ ዘይት)

ልጄ፣ ማችቦክስ እንዴት እንደተጀመረ ታውቃለህ? ጃክ ኦዴል የሚባል የለንደን መሐንዲስ ነበር። የሴት ልጁ ትምህርት ቤት፣ በክብሪት ሣጥን የሚገባ ካልሆነ መጫወቻ አታምጡ ይላል። እሱም ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሩሎ ሠራላት። ጓደኞቿ ሁሉ እንደሷ አማረን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 ገበያ ላይ ዋለ። ክፈትለት።

ቆርኪ_ጎማ

አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የሩሎውን ታሪክ አላውቅም ነበር። ፌስታሎቹን አስገባሁ። ባለቤቴ ምንም አልመሰላት፤ «600 ይሆናሉ ብዬ ነበር» አለችኝ።

ቮልሷን ከፈትናት። ማሸጊያውን ሲቀደው ፊቴን አዞርኩ፤ ድምፁ ራሱ ያማል። አሥር ደቂቃ ነዳትና ፍሪጅ ሥር ገባች። በመጥረጊያ እንጨት ስናወጣት ጣሪያዋ ተጭሯል። ማታ ይዟት ተኛ።

ነገ ካርቶን የሚፈታበት ቀን ነው። አልሄድም ብያለሁ። እናያለን።

የምናለሽ_ተራ_ደንበኛ

ከሄድክ ፊያት 500 ያዝልኝ። ሰማያዊና ነጭ ቀብቼ የድሮ ታክሲ አደርጋታለሁ። ማሸጊያውን እዚያው ጣለው።