ጥቆማ፦ ግቢ ውስጥ ጨዋ፣ በር ላይ ዱርዬ ለሆነ ውሻ

«ሰላም ጎረቤቶች። ለጥበቃ የያዝኩት ጀርመን ሼፐርድ አለኝ። ግቢ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ ይሰማል፤ በሩ ሲከፈት ግን ስሙንም ይረሳል። አሰልጣኝ ጋ ልላከው ወይስ ቤት ድረስ የሚመጣ ልፈልግ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ተመላላሹ ይሻልሻል።

ውሻዬን ጃክን መጀመሪያ አሰልጣኝ ጋ ለአንድ ወር አዳሪ አስገባሁት። የት እንደሆነ ይቅር። ሲመለስ «ተቀመጥ» ስለው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ደስ አለኝ። የፋሲካ ሰሞን በራችን ላይ በጎች ሲያልፉ ግን እኔን እየጎተተ ተፈተለከ። ገመዱ መዳፌን ልጦት ዶሮ ወጡን በማንኪያ በላሁ።

ለነገሩ ጃክ ምን ያድርግ? የተማረው ጸጥ ባለ ግቢ ነው። በግና ባጃጅ መቼ አሳዩት?

ሁለተኛው አሰልጣኝ በሳምንት ሁለቴ እኛው ሰፈር ይመጣ ነበር። ከባጃጅ ተራው 50 እርምጃ ያህል ርቀን ቆምን። ጃክ ባጃጆቹን ሲያይ ስሙን እጠራለሁ፤ ከዞረ ወዲያው ጉበት። ደጋግሞ ሲዞርልኝ 5 እርምጃ ጠጋ። ጆሮውን አቁሞ ከደረቀ መልሰን ራቅ። በተጠጋን ቁጥር ደግሞ የሚቀመጥበትን ጊዜ አሳጠርንለት፤ ቅርበቱና ቆይታው አንድ ላይ ከከበዱት ይሰለቻል። ወር ተኩል ፈጀብን።

ዕቃ ላይ ብዙ አታውጪ። ከመርካቶ 10 ሜትር ወፈር ያለ ገመድ ግዢና በደረት ማሰሪያው ላይ እሰሪው፤ አንገቱ ላይ ከሆነ ሲሮጥ ይጎዳዋል። እጅሽ ላይ እንዳትጠመጥሚው! በኤሌክትሪክ የሚነዝረውን የአንገት ቀበቶ አልመክርም። ሕፃን እያየ ከነዘረው ሕመሙን ከሕፃኑ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። የውጭ ብስኩት ውድ ነው፤ ጃክ በግ እያየ ዞር ብሎም አያየው። ጉበት ያለ ጨውና ሽንኩርት ቀቅለሽ እንደ ሽምብራ አድቅቂው። ሁዳዴ ሲገባ ብዙው ሉካንዳ ስለሚዘጋ ፍሪዘር ውስጥ ቀድመሽ ያዢ።

— እኔ ደግሞ አዳሪውን አልጠላሁትም፣ ሥራ ለሚበዛበት ሰው ይሆናል። ግን አሰልጣኙ የመጨረሻውን ሳምንት በራስሽ በር ላይ እንዲያሠለጥነው ተዋዋዪ። የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀት ሳይጠይቅ የሚቀበል ቦታ ከሆነ ተመለሺ።

— ልክ ነው። ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ያሠለጠነውን ውሻ ሾላ ገበያ በር ላይ ያሳይሽ። ቅዳሜ ጠዋት።