ለ14 ቀናት ሄዶ የጸሎት ቤት መሥራት

ጥያቄ፦ ከጉባኤያችን 12 ሆነን ለ14 ቀናት ወደ ሌላ አገር ሄደን የጸሎት ቤት ልንሠራ ነው፤ ከመካከላችን ግን አንድም ግንበኛ የለም። በእውነት እንጠቅማለን ወይስ ሸክም እንሆናለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ በሄድኩበት ጊዜ ቀን የደረደርነው ብሎክ ከውኃ ልክ ወጥቶ ስለነበር፣ የአገሩ ግንበኞች ምንም ሳይናገሩን ማታ በፋኖስ አፍርሰው ሲሠሩት አይቼ እጅግ አፍሬአለሁ። ግንቡን ለእነርሱ ተዉላቸው፤ እናንተ አሸዋ ንፉ፣ ውኃ አቅርቡ።

መልስ፦ ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀናት ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካው ደግሞ በተለምዶ በ28ኛው ቀን ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ ምሰሶውን የሚከታተለው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አራታችን ብቻ ሄደን፣ የቀሪዎቹ የጉዞ ገንዘብ ለግንበኞቹ ደመወዝ እንዲውል ለሽማግሌዎቻችን አቀርባለሁ።