ሪማስተር ሲወጣ የቀድሞው ቅጂ ይቅር ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር በፍሊትውድ ማክ ባንድ «ሩመርስ» አልበም ላይ ነው። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ሙዚቃ በሚያሰማው ስፖቲፋይ ላይ ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱን «ድሪምስ»ን ስትከፍቱት ግን ከርዕሱ ጎን «2004 ሪማስተር» ይላል፤ የድሮው ቅጂ ድምፁ እንደገና ተስተካክሎ የወጣ ማለት ነው። በ2020 በአንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ሰበብ ዘፈኑ እንደገና ሲነሳ ብዙ ወጣት ያኔ ነው ያወቀው። አዲሱ ከመጣ አሮጌውም ጎን ለጎን መቆየት አለበት?

ሸክላ ወዳጅ፦ ምን ጥያቄ አለው! የተቀየረው ድምፁ ብቻ መሰላችሁ? የባንዱ ድምፃዊት ስቲቪ ኒክስ የጻፈችው «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ከ1977ቱ አልበም ተቀንሶ በነጠላ ሸክላ ጀርባ ነበር የወጣው። በ2004 እትም ከ«ሶንግበርድ» ቀጥሎ ሰነቀሩት። ድሮ «ሶንግበርድ» የመጀመሪያውን ገጽ ይዘጋል፣ ተነስተህ ሸክላውን ትገለብጣለህ፣ «ዘ ቼይን» ይጀምራል። አሁን ያ ፋታ የለም።

የማታ ዲጄ፦ ወንድሜ፣ ዘፈኗ ሲቀነስ በጣም የተናደደችው እኮ ራሷ ኒክስ ናት። ለእሷ ሲመለስላት አንተ ምን ቤት ነህ? 😂

የስቱዲዮ ልጅ፦ ቆይ፣ «የመጀመሪያው ድምፅ» የምትሉት የቱ ነው? አልበሙን ሲቀርጹ የቀረጻውን ክር (ቴፑን) ደጋግመው ከማጫወታቸው የተነሳ ሽፋኑ እየተላጠ የድራሙ ጥራት ወረደ። ፕሮዲውሰሩ ኬን ካሌና ባልደረቦቹ ካልተነካ መጠባበቂያ ክር ድራሙን አምጥተው፣ በኋላ ከተጨመሩት ድምፆች ጋር በጆሮ እያዳመጡ አገጣጠሙት። በ1977 የተሰማውም ጥገና ያለበት ነው። ሪማስተር ደግሞ ድራሙን ወይም ጊታሩን ለብቻ አይነካም፤ ተቀላቅሎ ያለቀውን ቅጂ ነው የሚያስተካክለው።

ዝምተኛዋ፦ ለብቻ አይነካም ማለት አያበላሽም ማለት አይደለም። ከዘጠናዎቹ ወዲህ ስንቱ ሪማስተር ጎልቶ እንዲሰማ ተብሎ ታምቋል! ለስላሳውና ጠንካራው እኩል ሲጮህ እንደ «ሩመርስ» ያለ ለስለስ ያለ ሮክ ምኑ ይቀራል? ጩኸታሙ ሄቪ ሜታል ቢሆን እንኳ ይቻል ነበር። ደግሞ ስፖቲፋይ የዘፈኖቹን መጠን ራሱ ስለሚያመጣጥን ጩኸቱ ጥቅም እንኳ የለውም።

ሸክላ ወዳጅ፦ ሲጨመርበት ደግሞ ምን እንደሸጡልህ አይነግሩህም። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው ሸክላ አሳታሚ የድሮ አልበሞችን ከዋናው ክር እየቀዳ በውድ ይሸጥ ነበር። ከ2011 ጀምሮ በብዙዎቹ መሃል ዲጂታል ቅጂ መግባቱ የታወቀው በ2022 ነው። ገዢዎች ከሰሱት፣ 25 ሚሊዮን ዶላር መደበ።

የማታ ዲጄ፦ አስር ዓመት ሙሉ ግን የማናችሁም ጆሮ አልነቃም! እንዲያውም ሸክላዎቹን ስታወድሱ ነበር።

ዝምተኛዋ፦ ጥሩ መሆኑን ማን ካደ? ገንዘብ የተቀበሉት «ዲጂታል የለበትም» ብሎ ላመነ ሰው ነው። ጆሮ ቢሸወድም ሽፋኑ ላይ እውነቱ ይጻፍ።

የስቱዲዮ ልጅ፦ እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ። ከየትኛው ክር እንደተቀዳ፣ ማን እንዳስተካከለው፣ በስንት ዓመተ ምህረት። ስትሪሚንግ ላይ ሁለቱም ይቀመጡ፤ አንድ አልበም ስንት ቦታ ይፈጃል?

የማታ ዲጄ፦ እሺ፣ «ድሪምስ» ብሎ የፈለገ ልጅ መጀመሪያ የትኛው ይምጣለት?

ሸክላ ወዳጅ፦ የ1977ቱ!

የስቱዲዮ ልጅ፦ የ2004ቱ። በስልክና በርካሽ ማዳመጫ ለሚሰማ እሱ ይሻላል።

ዝምተኛዋ፦ ሸክላ ወዳጅ አሁን ሊታመም ነው።