«መሪ»፣ «አጋዥ» ወይስ «አጃቢ»? ስለ ፓራሊምፒክ ሥነ ሥርዓት ቃላት

ደንገል (ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የቋንቋ ወዳጆች። በከተማችን ለሚካሄድ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የስፖርት በዓል አስተዋዋቂው መድረክ ላይ የሚያነበውን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። መርሐ ግብሩ የፓራሊምፒክን ሥርዓት የተከተለ በመሆኑ ችቦ ይገባል፣ ተወዳዳሪዎች በሰልፍ ያልፋሉ፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል፣ በመጨረሻም ሜዳሊያ ይሰጣል። የተቸገርኩት በቃላቱ ነው። ከዓይነ ስውር ሯጭ ጋር በአጭር ገመድ ተያይዞ የሚሮጠውን ሰው አንዱ «መሪ ሯጭ»፣ ሌላው «አጋዥ»፣ ሌላው ደግሞ «አሯጭ» ይለዋል። እሳቱንስ «መለኮስ» ይሻላል ወይስ «ማብራት»? በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚያልፉት ልጆችስ «በሰልፍ ተራመዱ» ማለት ይቻላል? ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

የቆሎ ተማሪ (ዘጌ)፦
እኅት ደንገል፣ «መሪ» የሚለውን ቃል ቢተዉት እመርጣለሁ። በሩጫ ዘገባችን «መሪዋ» ሲባል አድማጭ የሚረዳው ከፊት የቀደመችውን ነው። በፓራሊምፒክ ሕግ ግን ይህ ሰው የመጨረሻውን መስመር ከሯጯ ቀድሞ ቢያልፍ ውጤቷ ይሰረዛል፤ ስለዚህ «መሪ» ያልነው ሰው መምራት የተከለከለበት ሰው ነው። «አሯጭ» ደግሞ ባለቤት ያለው ቃል ነው፤ በአትሌቲክሳችን ፍጥነቱን ጠብቆ እስከ ተወሰነ ርቀት አብሮ ከሮጠ በኋላ የሚያቋርጠው ሰው ስም ነው። አሯጭ ሜዳሊያ ሲጠለቅለት ያየ የለም። የዓይነ ስውሯ ባልደረባ ግን እስከ መጨረሻው ይሮጣል፣ ከሽልማት መድረኩ ላይ አብሯት ይወጣል፣ የርሷን ዓይነት ሜዳሊያም አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኢትዮጵያዊቷ ያየሽ ጌቴ በሴቶች 1500 ሜትር ቲ11 ምድብ (ጨርሶ ወይም ከሞላ ጎደል የማያዩ ሯጮች ምድብ) በ4 ደቂቃ ከ27.68 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽላ ስታሸንፍ የተሮጠው በዚህ ዓይነት ጥምረት ነው።

የእኔ ምርጫ «አጃቢ» ነው። ሙሽራ ይታጀባል፣ ታቦት ይታጀባል፤ በሁለቱም የበዓሉ ባለቤት ታጃቢው ነው፣ አጃቢውም እርምጃውን የሚለካው በታጃቢው እርምጃ ነው። ከሩጫው ሥርዓት ጋር የሚገጥመው ይህ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የማየት ችግር ያለበት ሯጭ ሁሉ አጃቢ የለውም። በቶኪዮው ፓራሊምፒክ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ትዕግስት ገዛኸኝ የምትወዳደረው በቲ13 ነው፤ በዚያ ምድብ በከፊል የሚያዩ አትሌቶች ያለ አጃቢ ይሮጣሉ። አስተዋዋቂው የምድቡን ስም ሳያይ «ከነአጃቢያቸው» ብሎ እንዳይጠራቸው ያስጠንቅቁልኝ።

ሰምና ወርቅ (ባሕር ዳር)፦
«አጃቢ» ለጆሮዬ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ያመጣብኛል፤ የባለሥልጣን አጃቢ ሲባል እንደምንሰማው። «አጋዥ» ቢባል ምን ይጎድለዋል? ትሑት ቃል ነው፣ ማንም ይረዳዋል።

የቆሎ ተማሪ፦
የሚጎድለው ነገር በፓሪሱ የሴቶች ማራቶን ቲ12 (በጥቂቱ የሚያዩ፣ ከፈለጉም ከአጃቢ ጋር የሚሮጡ አትሌቶች ምድብ) ታይቷል። ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ሦስተኛ ሆና ልትጨርስ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት አብሯት የሮጠው ሰው ጡንቻው ተኮማትሮ ሊወድቅ ተንገዳገደ፤ ልትደግፈው ስትል ገመዱን ለቀቀችው፣ በዚህም ምክንያት በዕለቱ ከውድድሩ ውጭ ተደረገች። እንግዲህ በዚያች ቅጽበት አጋዡ ማን፣ ታጋዡስ ማን ነበር? «አጋዥ» ሲባል አንደኛው ሰጪ ሌላኛው ተቀባይ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ገመዱ ግን ሁለቱንም እኩል ያስራል። የጠመንጃው ነገር እውነት ነው፤ «አጃቢ ሯጭ» ብለው ሁለቱን ቃላት አብረው ቢጽፉት ያ ትርጉም ይርቃል።

ፋና (ጎንደር)፦
እኔ ወደ እሳቱ ልሂድ። «ፋና ወጊ» የሚለውን ፈሊጥ ሁላችንም ለቀዳሚ ሰው እንጠቀምበታለን፤ መነሻው ብርሃን ይዞ ፊት ፊት መሄድ መሆኑን ግን አናስታውሰውም። በፓራሊምፒክ መክፈቻ ላይ ፈሊጡ ከነመነሻው በአንድ ሰው ላይ የተገናኘበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን እሳቱን የለኮሱት ማርጋሬት ሞን ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1960 በሮም በተካሄደው የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ በቀስት ውድድር ለብሪታንያ የመጀመሪያውን ወርቅ ያስገኙ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ፋና ወጊ» ብሎ መጻፍ ማጋነን አይሆንም።

ችቦው ራሱ የሚነሣው ስቶክ ማንደቪል ከምትባል የእንግሊዝ መንደር ነው። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በዚያ ሆስፒታል ግቢ 16 ጉዳተኛ የቀድሞ የጦር ሠራዊት አባላትን በቀስት አወዳድረው ነበር። ለፓሪስ የተለኮሰው ችቦ ከዚያ የተነሣው በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የቡሄ ችቦ ከጣና ዳር እስከ ጎንደር በየደጁ በርቶ ሳምንት ሳይሞላው ማለት ነው። ልዩነታቸው ግን መታወቅ አለበት፤ የቡሄው ችቦ በየቤቱ ተለኩሶ በዚያው ሌሊት አመድ ይሆናል፣ የፓራሊምፒኩ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላል። ስለዚህ በመንገድ ላይ «ችቦ ቅብብል» ይበሉት፤ «የችቦ ዝውውር» የተጫዋች ሽያጭ ይመስላል።

«ለኮሰ» እና «አበራ» ግን አንድ አይደሉም። የሚለኮስ ነገር ይነዳል፤ የሚበራ ነገር ሁሉ ግን ላይነድ ይችላል። በፓሪስ ቱይልሪ የአትክልት ሥፍራ አምስት ፈረንሳውያን አትሌቶች የደረሱበት ትልቁ የብርሃን ማኖሪያ የሚነድ ነዳጅ አልነበረውም፤ በውኃ ጉምና በኤሌክትሪክ ብርሃን እሳት የሚመስል ነበር። በዚያ ላይ «ለኮሱት» ብሎ የጻፈ ሰው ተሳስቷል፣ «አበሩት» ያለ ልክ ነው። የእርስዎ በዓል እውነተኛ እሳት ካለው «ይለኮሳል» ይበሉ። እሳቱ የሚያርፍበትን ነገር «መቅረዝ» ብለው ይጥሩት፤ አንዳንድ ተርጓሚ «ጋን» ሲለው አይቻለሁ፣ ጠላ የሚጠመቅ ነው የሚመስለው።

ሰምና ወርቅ፦
«ተራመዱ» ለሁሉም አይሆንም። «አለፉ» ወይም «ገቡ» ይበቃል፤ እግርም ጎማም ያልፋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግስ ላይ የምንጨምራት አንዲት ፊደል ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ሆው ቢን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ በገመድ ወደ ላይ ወጥቶ እሳቱን ለኮሰ። «ተጎትቶ ወጣ» ብንል ሌላ ሰው የጎተተው ይመስላል፤ የሆነው ግን በገዛ ክንዱ ራሱን እየጎተተ መውጣቱ ነው። በ2016 በሪዮ ደግሞ ዋናተኛው ክሎዶአልዶ ሲልቫ ችቦ ይዞ ደረጃ ፊት ቆመ፣ ደረጃውም ተለውጦ መወጣጫ ሆነለት። እዚህ ላይ «ሆነለት» የምትለዋ ትክክል ናት፤ የተለወጠው ደረጃው ነውና።

የቆሎ ተማሪ፦
ሪዮ ከተነሣ የሜዳሊያውን ግስም እንይ። የሪዮ ፓራሊምፒክ ሜዳሊያዎች በውስጣቸው ትንንሽ የብረት እንክብሎች ነበሯቸው፤ ወርቁ 28፣ ብሩ 20፣ ነሐሱ 16። የማያዩ አትሌቶች መድረኩ ላይ ሜዳሊያቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው እየነቀነቁ ደረጃቸውን በድምፁ ይለዩ ነበር፤ ልክ እንደ ጽናጽል። «አንቃጨሉ» የቃጭልና የስልክ ነው፣ እኔ «አንሿሹ» እላለሁ። በቶኪዮ ይህ ቀርቶ በጠርዙ ላይ ለወርቅ አንድ፣ ለብር ሁለት፣ ለነሐስ ሦስት ክብ ጎድጓዳ ምልክቶች ተደረጉ፤ ያኔ ግሱ «ዳሰሱ» ሆነ ማለት ነው።

ደንገል፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሜዳሊያውን ነገር ለአዘጋጆቹ ነግሬ፣ ጠርዙን በሞረድ ምልክት ለማድረግ ተስማምተዋል። የሽልማቱ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ሆኗል፦ «በ200 ሜትር ያሸነፈችው ተማሪ በአጃቢ ሯጯ ታግዛ ወደ መድረኩ ትወጣለች፤ ሜዳሊያውም ለሁለቱም ይጠለቅላቸዋል።»

ሰምና ወርቅ፦
«ታግዛ» ተመልሳ ገባች እኮ። «ከአጃቢ ሯጯ ጋር» ይበሉ።