ፀጉር ያጠቁራል የሚባለው የቻይና ሥር ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ? (ክርክር)

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሽበት ስንጨዋወት ስሙ ደጋግሞ የተነሣው ሄሾዉ ዛሬ ለብቻው መድረክ ይሰጠው ብያለሁ። ለማታውቁት፣ በመካከለኛውና በደቡብ ቻይና የሚበቅል የሐረግ ሥር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ፎ-ቲ በሚል ስም በእንክብልና በዱቄት ይሸጣል። ሽበት ያጠቁራል፣ የሚረግፍ ፀጉር ያቆማል፣ ለጉበትና ለኩላሊት ብርታት ይሰጣል ይባልለታል። በሌላ በኩል ይኸው ሥር ጉበት እንደጎዳ ከተለያዩ አገሮች ሪፖርት ቀርቧል። ታዲያ ማንም ከመደርደሪያ አንሥቶ ይግዛው ወይስ በሐኪም ማዘዣ ብቻ ይሰጥ? አቋማችሁን በምክንያት አቅርቡ፤ ዘለፋ ይሰረዛል።

ቼንግዱ የተማረው፦
እኔ ለሥሩ እሟገታለሁ። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው ሊ አኦ የጻፈው ታሪክ አለ። እስከ 58 ዓመቱ ሚስት ያላገባ ደካማ ሰው ሰክሮ ተራራ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ተራርቀው የበቀሉ ሁለት ሐረጎች በሌሊት ሲጠላለፉ፣ ሲላቀቁ፣ መልሰው ሲጠላለፉ ያያል። ሥራቸውን ቆፍሮ ይወስዳል፤ ይበረታል፤ ልጆችም ይወልዳል። የልጅ ልጁ ሄ ሾዉ እስከ 130 ዓመቱ ፀጉሩ ሳይሸብት ኖረ፤ ሥሩም የእርሱን ስም ያዘ። ተረት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ከተረቱ ጀርባ ከሺህ ዓመት በላይ የተከማቸ የሙያ ዕውቀት አለ።

ዋናው ዕውቀት ደግሞ አሠራሩ ነው። ጥሬው ሥር የሆድ ድርቀትን የሚያላላ ነው፤ ለፀጉር አይሰጥም። ለብርታትና ለፀጉር የሚሰጠው በጥቁር አኩሪ አተር ጭማቂ ተነክሮ፣ ውስጡ ድረስ ጥቁር ቡናማ እስኪሆን በእንፋሎት የበሰለው ነው። የጥንቶቹ ዘጠኝ ጊዜ በእንፋሎት አብስለው ዘጠኝ ጊዜ ያደርቁት ነበር። በዚህ ሂደት ሆድ የሚያላሉትና በመርዛማነት የሚጠረጠሩት እንደ ኢሞዲን ያሉ ውህዶች መጠናቸው ይቀየራል። በየበይነ መረብ ገበያው ጥሬ ዱቄት እየገዙ በማንኪያ ከሚውጡ ሰዎች በደረሰ ጉዳት የቻይናን ሕክምና መክሰስ ፍትሕ አይደለም።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ ስለ አሠራሩ ያልከው ትክክል ነው፤ ድምዳሜህ ግን ከማስረጃው ጋር አይሄድም። የጉበት ጉዳት የተመዘገበው ጥሬውን በወሰዱ ሰዎች ላይ ብቻ አይደለም፤ በደንቡ መሠረት የተዘጋጀውን በወሰዱትም ላይ ነው። ማብሰሉ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ይህን የምትለው ደግሞ የቻይና ሕክምናን የምትንቅ ምዕራባዊት አገር ብቻ አይደለችም። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2006 አስጠንቅቆ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙዎች እንዳንተ «አያውቁትም» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የቻይና የራሷ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ሥሩ በጤና ማሟያ ምግቦች ውስጥ ሲገባ የቀን መጠኑ ከጥሬው ከ1.5 ግራም፣ ከበሰለው ከ3 ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጉበቱ የታመመ ወይም በቤተሰቡ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው እንዳይወስደው በመለያው ላይ እንዲጻፍም አዘዘ።

አሁን ይህን ከቻይና ፋርማኮፒያ፣ ማለትም ከመንግሥታዊው የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ ጋር አስተያዩት። ለሐኪም የተፈቀደው የቀን መጠን ከጥሬው ከ3 እስከ 6፣ ከበሰለው ከ6 እስከ 12 ግራም ነው። አንድ ሥር፣ አንድ አገር፣ ሁለት ልክ! ሐኪም ሲያዝ እስከ 12 ግራም፣ ሰው ራሱ ሲገዛ ከ3 የማይበልጥ። ቻይናውያኑ ራሳቸው የዛሬውን ጥያቄያችንን እንዲህ መልሰውታል፤ በማሟያ መልክ ሲሸጥ ጠባቂ ስለሌለው መጠኑ ይውረድ ብለዋል።

የዲሲ ነዋሪ፦
እኔ አዋቂ ሰው ነኝ፤ የምውጠውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ሲጋራና አረቄ ያለ ማዘዣ እየተሸጡ ለአንድ ሥር ፖሊስ ማቆም ምን ይሉታል? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ማሟያዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ ሰማዩም አልተደፋም። ፎ-ቲ እየወሰድኩ ነው፣ ፀጉሬም የተሻለ ይመስለኛል፣ ሕመምም የለብኝም። ሚሊዮኖች በሚወስዱት ነገር ጥቂት ሰዎች ስለታመሙ እኔ ለምን እቀጣለሁ?

ፋርማሲስቷ፦
«ሰማዩ አልተደፋም» ያልከውን ልያዝ። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒት ምክንያት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተል የሆስፒታሎች መረብ አለ። በመዝገቡ ውስጥ ዕፅዋትና ማሟያዎች ያስከተሉት ጉዳት እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ከ7 በመቶ ወደ 20 በመቶ ገደማ አድጓል። ሁሉም የሄሾዉ ሥራ አይደለም፤ የጡንቻ ማጎልበቻውም የክብደት መቀነሻውም አለበት። ቅድመ ፈቃድ የሌለው ገበያ ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን ያሳያል።

«ሕመም የለብኝም» ስላልከው፣ የጉበት ኢንዛይም (በደም ምርመራ የሚታይ የጉበት ጉዳት ምልክት) ያለ አንዳች ስሜት ሊጨምር ይችላል። ስሜቱ ሲመጣ ሰውነት ይደክማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ይሆናል፣ ከዚያ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ አገር ቤት የወፍ በሽታ የምንለው ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ሥሩን ሲያቆም ይድናል። የሚያሳዝነኝ ግን ከዳነ በኋላ ከሥሩ ጋር ሳያያይዘው እንደገና ጀምሮ እንደገና የሚታመም ሰው መኖሩ ነው፤ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ታሪኮች ተደጋግመው ተጽፈዋል። ለሞት ወይም ለጉበት ንቅለ ተከላ የደረሱም አሉ፣ ጥቂት ቢሆኑም።

ማን ይታመማል ለሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በቻይና ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። በሥሩ ጉበታቸው ከተጎዳ ሰዎች 45 በመቶ ያህሉ ኤችኤልኤ-ቢ 35፡01 የሚባለውን የዘረ መል ዓይነት ይዘው ተገኙ፤ በጤነኛው ሕዝብ ውስጥ ያለው ድርሻ ግን ከ3 በመቶ በታች ነበር። ስለዚህ «እኔ ወስጄ ምንም አልሆንኩም» የሚል ምስክርነት ለጎረቤትህ ምንም አይነግረውም።

የዲሲ ነዋሪ፦
ይኸው ዘረ መል በአረንጓዴ ሻይ እንክብል ጉበታቸው በተጎዳ ሰዎችም ላይ እንደተገኘ አንብቤአለሁ። ሻይንም በማዘዣ ልታደርጊው ነው እህቴ?

ፋርማሲስቷ፦
ጥሩ ነጥብ። የተጠናውን የሻይ ጭማቂ እንክብል ከጠየቅኸኝ፣ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት እላለሁ። በሲኒ የሚጠጣው ሌላ ነገር ነው።

ጋሽ ታዛቢው፦
ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ቻይና ስትከራከሩ እኔ ኮሶ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለን በባዶ ሆድ፣ አፍንጫችን ተይዞ ነበር የምንጠጣው። እናቶቻችን ኃይለኛ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ነፍሰ ጡር አይሰጧትም፣ ለልጅ ይመጥናሉ። ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋም ይነገር ነበር፤ በኋላ ሐኪሞችም አረጋገጡት። ሰው ግን በየሁለት ወሩ ገደማ አንድ ጊዜ ጠጥቶ ያርፍ ነበር እንጂ ቁርስ አላደረገውም።

እኔን የሚከነክነኝ የጊዜው ርዝመት ነው። ሽበት በአንድ ሳምንት አይጠቁርም፤ ስለዚህ ሻጩ «ወራት ታገሡ» ይላል፤ ገዢው ውጤት ባጣ ቁጥር መጠኑን ይጨምራል። ለመሆኑ በሰው ላይ ተሞክሮ ሽበት ማጥቆሩ ተረጋግጧል? ቼንግዱ የተማርከው ልጅ ብትመልስልኝ።

ቼንግዱ የተማረው፦
ጋሼ፣ በእንስሳት ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች አሉ፤ በሰው ላይ ጠንካራ ማረጋገጫ ግን የለም። ይህን ለመደበቅ አልሞክርም።

ቢሆንም ማጥበቅ ሌላ በር ይከፍታል። ቻይና ውስጥ በሰው ቅርጽ የበቀለ ሄሾዉ ብርቅ ነው እየተባለ በመንገድ ላይ በውድ ይሸጣል፤ እጅ፣ እግር፣ የፊት ገጽታ ሳይቀር አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ተክል ሥር በሰው መልክ በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እንዲያድግ ተደርጎ የወጣ ነው። እውነተኛው ሲቆረጥ ይታወቃል፤ ከመካከለኛው እንጨታማ ክፍል ዙሪያ፣ ከልጡ ሥር፣ ክብ ክብ ቀለበቶች እንደ ደመና ጥልፍ ተደርድረው ይታያሉ። ሐሰተኛው ይህ የለውም። ሕጋዊውን መደርደሪያ ስትዘጉት ገዢው ወደ እነዚህ ሻጮች ይሄዳል፤ ዱቄት ከሆነ ደግሞ ጥልፉን የሚያይበት መንገድ የለውም።

የሕግ ባለሙያው፦
እስካሁን ያልተነሣ ነገር ላንሣ። «በሐኪም ማዘዣ» ስትሉ የማንን ሐኪም ማለታችሁ ነው? ቻይና ውስጥ ባህላዊ ሕክምና በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ የሙያ ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞችና የራሱ ሆስፒታሎች አሉት። እዚያ ማዘዣ ማለት ሥሩን የሚያውቅ ሰው ፊት መቀመጥ ነው። ዋሽንግተን ወይም አዲስ አበባ ያለ የውስጥ ደዌ ሐኪም ግን ስለ ሄሾዉ አልተማረም፤ ለማዘዝ ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ ምን መጠን፣ ምን ዓይነት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚል አያውቅም። ስለዚህ ከቻይና ውጭ «በማዘዣ ብቻ» ማለት በተግባር እገዳ ነው፤ ከሆነ በግልጽ እገዳ በሉት።

የአውስትራሊያ መንገድ ለእኔ ይበልጥ የሚያስኬድ ነው። ሥሩ ያለበት ምርት ሁሉ የአንዳንድ ሰዎችን ጉበት ሊጎዳ እንደሚችልና በጤና ባለሙያ ክትትል እንዲወሰድ በግልጽ እንዲጽፍ ግዴታ አለበት። ገዢው ይመርጣል፤ ሻጩ ግን መደበቅ አይችልም።

ፋርማሲስቷ፦
በማዘዣው ነጥብ እስማማለሁ፤ ስለዚህም ቃሌን አጠራለሁ። ማዘዝ የሚችል ባለሙያ በሌለበት አገር፣ ለፀጉር ተብሎ አይሸጥ። ጉበት የሚጎዳ የካንሰር መድኃኒት እንሰጣለን፤ ምክንያቱም በሌላው ሚዛን ላይ ሕይወት አለ። እዚህ ሚዛን ላይ ያለው ሽበት ነው፣ እርሱም ማጥቆሩ ሳይረጋገጥ። በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ብቻ አልረካም፤ ስንት ሰው ነው የጠርሙስ ጀርባ የሚያነበው? የዲሲው ወንድሜ፣ እስቲ ያንተ ጠርሙስ ምን ይላል? ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ?

የዲሲ ነዋሪ፦
አሁን አነበብኩት። «የፎ-ቲ ሥር፣ በቀን ሁለት እንክብል» ይላል። ጥሬ ይሁን የበሰለ አልተጻፈም። ስለ ጉበትም ምንም የለም፤ «ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪምዎን ያማክሩ» ብቻ ነው ያለው። የደም ምርመራ እስካደርግ አቆመዋለሁ። ድምፄን ግን አልቀይርም፤ ይሸጥ፣ የበሰለ መሆኑም ይጻፍበት።

አወያይ፦
ድምፅ መስጫው ሦስት ምርጫ አለው፦ በነፃ ይሸጥ፣ በአስገዳጅ ማስጠንቀቂያ ይሸጥ፣ ለፀጉር ጨርሶ አይሸጥ። በሕግ ባለሙያው አስተያየት መሠረት «በማዘዣ ብቻ» የሚለውን አውጥቼዋለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ከታች ይጻፍ።